ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። በደህናው ጊዜ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሐዲድ ሲያልፉ ጥሩምባውን ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርገው ይነፉ ነበር። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ ምሳ ያቀርባሉ። ሰዓት ያልነበረኝ እኔም ድስቴን አወርዳለሁ።

ሴት ልጃቸው በእግራቸው ተተክታ ነጂ ሆነች። ያረጁት ባቡሮች መታደስ ሲጀምሩ፣ አዲሱን የነጂ ክፍል ልትለማመድ ገባችና ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሽቦ የሚያያይዝ ቴክኒሻን እጅ ረገጠች።

«ይቅርታ፣ አላየሁህም።»

«ግድ የለም፣ ቀኙ ይበቃኛል።»

«የረገጥኩት እኮ ቀኙን ነው።»

ዓይኗን ሲያይ የታመመው እጁ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ እያመሸች መግባት፣ በጠዋት መስታወት ፊት መቆም አበዛች። እኛ ጎረቤቶች ዓይን የሌለን መስሏት።

ቴክኒሻኑ ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቃቸው መጣ።

«ባቡሬን የገነጣጠልከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥሩምባውስ?»

«ወልቋል። አዲሱ በኮምፒውተር ነው።»

«ባቡሬን አፍርሰህ ደግሞ ልጄን? ሂድ ልጄ፣ በሰላም ሂድ።»

ደጅ ላይ «ያለ አባቴ ፈቃድ አላገባም» አለችው። ሊሄድ ዞር አለ። «ያላንተም አላገባም» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። የተጠረገ ደጄን ደግሜ ስጠርግ ነው የሰማሁት።

የታደሰው ባቡር ሥራ የጀመረ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እሳቸው እቤት ቀሩ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ አብሬ ተቀመጥኩ፤ ውሸቴን ነው፣ ፊታቸውን ለማየት ነው።

ባቡሩ ያለ ኮሽታ መጣ። ወዲያው ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ያው የድሮው፣ መጨረሻው ላይ ጎርነን የሚለው ድምፅ።

ሰውየው አንገታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ አዞሩ። ቆዩና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ማታ ሁለቱም መጡ።

«የነፋው ማነው?»

«እኔ» አለች።

«የመጨረሻዋን አሳጠርሻት። የገጠመውስ?»

ልጁ እጁን እያየ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ። «ከውዳቂው ብረት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። አለቆቼን ለምኜ፣ ለምኜ...»

ወንበር ሳቡለት።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ተቀመጥ። የእኔ አማች ቆሞ አይበላም።»

ልጅቷ አባቷ ትከሻ ላይ ተደፋች። እኔ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ እልል አልኩ።

አሁን ሰዓት አለኝ፤ ድስቴን የማወርደው ግን ዛሬም በጥሩምባው ነው። የልጅቷ ባል ዕረፍት በሆነ ቀን ከአማቱ ጋር ደጅ ቆመው ይጠብቋታል።

«አሳጠረችው» ይላሉ አንዱ።

«ኧረ ረዝሟል፣ አባባ» ይላል ሌላው፣ እጁን እያውለበለበ።