የግራው ወንበር

መርማሪዋ ስትደርስ የበረራ አስተማሪው አስከሬን ተነስቷል፤ ትንሿ አውሮፕላን ግን ማኮብኮቢያው ዳር እንደተደፋች ነበረች። አስተማሪው በቀኝ፣ ተማሪው የሆነችው የገዛ ልጁ በግራ ተቀምጠው ሊያርፉ ሲሉ፣ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ ቁልቁል ወደቀች። አባት ሞተ፤ ልጅ ተረፈች።

«መሪውን ወደ ራሷ ሳበችው። አፍንጫዋ ሽቅብ ሲቀሰር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ የበረራ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ።

አውሮፕላኖቹ በሚጠገኑበት ሃንጋር ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ይጠርጋል። እጁ ንጹሕ ነበር።

«ሞተሩ ነው የጠፋው» አለ ሳትጠይቀው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷን ተዉአት።»

ልጅቷ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ቤት ውስጥ እናቷ አጠገብ ተኝታለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «አባዬ ‹ልቀቂ!› ሲለኝ እሰማዋለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«እግርሽስ?»

«እግሬ?» ግራ ገባት። «ፔዳሉ ጠፋኝ።»

መርማሪዋ ብዙ ሞት አይታለች፤ ሁለት ሰው አንድን ጥፋት «የኔ ነው» እያለ ሲሻማ ግን አላየችም። ወደ ስብርባሪው ተመልሳ ስትበረብር ዋለች።

በማግስቱ አራቱንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሞተሩ አልጠፋም» አለች መካኒኩን እያየች። «ፊት ላይ የሚሽከረከረው የፕሮፔለሩ ሁለቱም ጫፎች ተጠማዘዋል፤ መሬቱንም አርሰውታል። የቆመ ሞተር እንዲህ አያደርግም። የዋሹት የወንድምዎን ልጅ ለማዳን ነው።»

«አላልኩም? እሷው ናት!» አለ ኃላፊው።

«ይቆዩ። ልጅቷ አጭር ናት፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳታስጠጋ ፔዳሉ ጋ አትደርስም። እኔ ወንበሩን ያገኘሁት ግን የሚንሸራተትበት ሐዲድ የኋላ ጫፍ ላይ ተሰንቅሮ ነው። ግጭት ሰውን ወደ ፊት ይወረውራል እንጂ ወደ ኋላ አይጎትትም። እንግዲያው ወንበሩ የተንሸራተተው ገና አየር ላይ ሳሉ ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ የጨበጠውን ይዞ ይሄዳል። መሪውን የሳበው ወንበሩ ነው።»

ልጅቷ ፊቷን በእናቷ ትከሻ ቀበረች።

መርማሪዋ የወንበሩን መቆለፊያ ፒን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጫፉ በሞረድ ተበልቷል፤ ቀዳዳውን በቅጡ አይዝም። ማን ነው የሞረደው?»

የመካኒኩ ፊት አመድ መሰለ።

«ጠንክሮባት ነበር» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ወንበሩን ለማስጠጋት ስትታገል ሳያት አሳዘነችኝ። ትንሽ ላቅልላት ብዬ... ወንድሜን...» ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

ለልጅቷ ሲል በውሸት የተሸከመው ጥፋት፣ እውነትም የራሱ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዋ በሥራዋ ዘመን እንደዚያ ቀን መልሱን ባላገኘሁት ብላ አታውቅም።

የሟቹ ሚስት ቀስ ብላ ተነስታ በላዩ ቆመች።

«ሕግ የሚለውን ይበል» አለች። «እኔ አንድ ቀብሬአለሁ። እናንተን ሁለታችሁን ደግሞ ከነነፍሳችሁ አልቀብርም። ተነስ።»

መነሳት አቃተው። ልጅቷ መጥታ ጤነኛ እጇን በብብቱ ስር ሰደደች፤ እናትና ልጅ ደግፈው አቆሙት።