ስድስት ወሯ ነው

«መታወቂያሽን» አላት የአየር መንገዱ ትኬት ቆራጭ እጁን ወደ ኢልሃም ዘርግቶ።

ኢልሃም ግራ ገባት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ስለመጣች የደብተር ቦርሳዋን እንዳዘለች ነበር። «የተማሪ ብቻ ነው ያለኝ» አለች ቀስ ብላ።

«እሱም ይሠራል። ሰልማ አብዱልመናን ነሽ አይደል?»

«እኔ አይደለሁም የምሄደው። እህቴ ናት።»

ቆራጩ አንገቱን አስግጎ ከኋላዋ አየ። ሰልማ ሰፊ ጥቁር ጅልባብ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ቦርሳው ሆዷን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም።

«ይቅርታ፣ ነፍሰ ጡር ናቸው እንዴ? ስንት ወራቸው ነው?»

ሰልማ ኢልሃምን ብቻ አየቻት።

«ስድስት» አለች ኢልሃም።

«ስድስት ከሆነ ችግር የለም። የገፋ ቢሆን የሐኪም ወረቀት እንጠይቅ ነበር» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ውጭ ሲወጡ ሰልማ ክንዷን ያዘቻትና ሳቀች። «ፊትሽ እንኳ አልተለወጠም እኮ። ተዋናይት ነሽ ለካ።»

ኢልሃምም ሳቀች። ቃሉ ራሱ ነው ከአፏ የወጣው። እነሱ ቤት ወር በትክክል አይነገርም። የሰው ዓይን እንዳያገኛት ተብሎ ለጠየቀ ሁሉ ይቀነስለታል። እናታቸው ለጎረቤቱም፣ ወደ አባታቸው ሱቅ ለሚመጣው ደንበኛም «ስድስት ወሯ ነው» ስትል ከርማለች፤ ኢልሃምም እንዲሁ። ሰልማ ግን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

የአራዳን ገበያ አቋርጠው ወደ ቤት ሲሄዱ ሰልማ እያረፈች ነበር የምትራመደው። ያገባችው አዲስ አበባ ነው። ባሏ ኡዘይር መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። እናቷን ልትጠይቅ ብላ ወደ ጎንደር ብትመጣ፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው ተብላ ቀረች። እሷ ግን ባሏ አጠገብ መውለድ ፈልጋለች። ስንት ቀን ተጨቃጭቀው፣ ስንት ቀን ተኮራርፈው፣ በመጨረሻ እናታቸው ተሸንፋ «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለች። በረራው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜን ከሰልማ ይልቅ የምትጠብቀው ኢልሃም ነበረች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሰልማ ከመጣች ጀምሮ አልጋዋን ለቃላት መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ነው የምትተኛው። መጻሕፍቷ በካርቶን ታጭቀው በረንዳ ወጥተዋል። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ ለማጥናት መብራት ስታበራ ሰልማ «ኢሉ፣ ራሴን አመመኝ» ትላለች። ቅዳሜ ከሰዓት አልጋውም ጠረጴዛውም የሷ ይሆናሉ።

ችግሩ ልብሱ ነው። ባለፈው ሳምንት የሰልማን ልብስ ስታጥብ ቀሚሱ ላይ ደም አየች። ሰልማ ሮጣ መጥታ ከእጇ ቀማቻት።

«ትንሽ ናት። ሕመምም የላት። እማ ከሰማች ግን ከዚህ ቤት አታስወጣኝም። ወላሂ አልናገርም በይ።»

«ወላሂ አልናገርም» አለች ኢልሃም። ለመማል አላመነታችም። አሁን ሲታወሳት የሚያሳፍራት ይኸው ነው።

ሐሙስ ዕለት ሒሳብ ለማጥናት ወደ ጓደኛዋ ወደ ዓይናዲስ ቤት ሄደች። የዓይናዲስ እናት ሲስተር እንኳየሁ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናቸው። ከሥራ ገብተው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«እትዬ እንኳየሁ፣ አውሮፕላን ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው?»

«ምነው፣ ልታገቢ ነው?»

ዓይናዲስ ከት ብላ ሳቀች። ኢልሃም ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ጎረቤታችን ናት።»

«አውሮፕላኑ ራሱ ምን ያደርጋታል። ጤነኛ ከሆነች፣ ወሯም ካልገፋ፣ ቀበቶውን ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ታስራለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ እግሯን ታፍታታለች፣ በሰላም ትደርሳለች። ወሩ ሲገፋ ነው የማይሳፈሩት። ምጡ እላይ ቢመጣ ማን ያዋልዳታል?»

«ትንሽ ደም ያየችስ?»

የሲስተር እንኳየሁ እጅ ቆመ። «ስንት ወሯ ነው?»

ስድስት ልትል አፏን ከፈተች። «ስምንት» አለች።

«ሕመም አለው?»

«የለውም ብላለች።»

«ሕመም የሌለው አንዳንዴ ይብሳል። እንዲህ ያለች ሴት ሳትመረመር እንኳን አውሮፕላን ላይ፣ አዘዞ ድረስም አትሂድ። ደሙ ሁለተኛ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ትንሽ ላይሆን ይችላል። እላይ ደግሞ ሐኪም የለ፣ ደም የሚሰጣት የለ። ውረድ ብትይው አይወርድልሽ።» ቢላዋውን አስቀመጡ። «ጎረቤትሽን ዛሬውኑ ላኪልኝ።»

«እሺ።»

ዓይናዲስ እስከ በር ሸኘቻት። በሩ ላይ ቆመችና «ሰልማ ናት አይደል?» አለች።

«አይደለችም።»

«አትፎግሪኝ። ጎረቤታችሁ ያሉት ሼኩ ናቸው። ሚስታቸው ደግሞ አያት ሆነዋል።»

ኢልሃም መሬት መሬት አየች። «ወላሂ ብያለሁ።»

ዓይናዲስ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

መንገዷን ሙሉ መሐላው ሲመላለስባት ነበር። ግን መውጫ እንዳለው ታውቃለች። መድረሳ ሲማሩ ኡስታዙ ነግረዋቸዋል፦ ሰው ምሎ ከዚያ የሚሻል ነገር ካየ የሚሻለውን ያድርግ፤ ለመሐላው ድሆችን ያብላ፣ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጹም። የያዛት መሐላው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ሮጣ ለእናቷ ትነግር ነበር። ከመሐላው ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መብራቱ። ይህን ለራሷ ስታምን እዚያው መንገድ ላይ ቆመች። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባት።

ማታ ሰልማን ለብቻዋ አገኘቻት።

«ሰልሚ፣ ተመርምረሽ ብትሄጂስ?»

«አንድ ሰዓት እኮ ነው ኢሉ። ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው።» ሰልማ የሕፃን ካልሲ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። «ወላሂ ብለሻል።»

ኢልሃም ዓርብንም ዝም ብላ ዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቢያዝን የሚባለው የሰፈራቸው ባለባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ ነበር። እናታቸው የሰልማን ራስ ይዛ ዱዓ አደረገችላት፤ ከዚያ ሻንጣውን አንስታ ወጣች። ሰልማ ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ ስትል አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ከሆዷ ሥር አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ። ቶሎ ቀና አለችና ለኢልሃም ፈገግ አለችላት።

ኢልሃም እናቷን ተከትላ ወጣች።

«እማ፣ ሰልሚ ደም አይታለች።»

እናቷ ዞረች። «ምን?»

«ባለፈው ሳምንት ልብስ ሳጥብ አይቼ ደበቅኩ። ትኬት ቢሮም ስድስት ወሯ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እንድትሄድ ፈልጌ ነበር።»

«ኢልሃም» አለች ሰልማ ከበሩ ላይ። ኢሉ አላለቻትም።

እናታቸው አልጮኸችም። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሰልማን በክንዷ ደግፋ ባጃጁ ውስጥ አስገባቻት።

«አዘዞ ኤርፖርት ነው አይደል?» አለ ቢያዝን።

«ሆስፒታል። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ልጄ።»

የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀኑን በር ሸፍኖታል አሉ ሐኪሞቹ። ሰልማ እስክትወልድ እዚያው እንድትተኛ አልጋ ሰጧት። ኡዘይር በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ኢልሃም ምሳ ስታደርስ ሰልማ ሳህኑን ትቀበላታለች እንጂ አታናግራትም።

ኢልሃም ሻንጣውን ፈታች። የሰልማን ልብሶች መልሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለች፤ የአልጋውን አንሶላ ቀየረች። ካርቶኑን ከበረንዳ አላስገባችም። ፍራሿንም ከመሬት አላነሳችም።

ረቡዕ ፈተናው ጀመረ። ኢልሃም ሦስት ቀን ጾማ ተፈተነች።