አጸደ ማርያም ከቅጥሩ ጀርባ

«ቅመሙን አሽትቺ። ወደ እኔ አትዙሪ።»

ከጀርባዋ የቆመው አለቃዋ አምኃ ነው። ሮሐ በሮም ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ኮረሪማ አነሳች።

በስለላ ሥራዋ የምስጢር ስሟ «ቁልፍ» ነው። ስድስት ወር ሙሉ ባዳንቴ፣ የቤት አስታማሚ፣ መስላ አንድ ጡረተኛ አርክቴክት ስትንከባከብ ከርማለች። ሰውየው በጉልምስናው አንድ የአልፕስ ሸለቆ የሚጠብቁትን የመካከለኛው ዘመን ምሽጎች አድሷል። ጥንታዊው ቅጥር ሸለቆውን ከተራራ እስከ ተራራ ይዘጋል። ዛሬ ታችኛው ምሽግ ውስጥ፣ ሰው ነጋዴዎች ሥራ እናስገባችኋለን ብለው ያታለሏቸውን ልጆች ቆልፈዋል። አንዷ ፍናን ናት፤ ሮሐ ክርስትና ያነሳቻት። ይህን ከአምኃ በቀር በመሥሪያ ቤቷ ለማንም አልተናገረችም።

«አመጣሽው?»

«አዎ ጋሼ። ከቅጥሩ ሥር የውኃ መውረጃ በር አለ። ሰው ያሳልፋል።»

ዘንቢሏ ውስጥ ሁለት የመጋገሪያ ወረቀት ካርቶኖች አሉ። አንዱ ውስጥ ከአርክቴክቱ ቤት የወሰደችው የምሽጉ ፕላን ተጠቅልሏል። ሌላው የምር የመጋገሪያ ወረቀት ነው፤ ፈታሽ ቢመጣ ለማሳየት።

«ቫ ቤኔ፣ መልካም። አይዞሽ፣ ልጅቷ ትወጣለች። ስሟን ለቄሱ ሰጥቻለሁ። አጸደ ማርያም ብለው በየቅዳሴው ይጸልዩላታል።»

ሮሐ ኮረሪማውን መልሳ አስቀመጠች።

የፍናን የክርስትና ስም በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የለም። ሮም ውስጥ ከእሷና ከልጅቷ በቀር የሚያውቀው የለም። አምኃ ደግሞ ልጅቷን አይቻት አላውቅም ይላል። ታዲያ ከየት ሰማው?

ከልጅቷ ከራሷ አፍ። ቆልፎባት ሲወጣ በክርስትና ስሜ አስጸልዩልኝ ብላው መሆን አለበት።

ደሟ ፈላ። ልጅቷን ሸጦ ሲያበቃ ስሟን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል! ከፊቷ የተከመረውን በርበሬ ዓይኑ ላይ ልትበትንበት ከጀለች።

ፈገግ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ካርቶኑን አቀበለችው።

የምሩን የመጋገሪያ ወረቀት።

ትራም ላይ ዘላ ወጣች። ፕላኑን ፎቶ አንስታ በቀጥታ ልጆቹን ለማውጣት ለተመደበው የካራቢኒየሪ፣ የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ፣ መኮንን ላከች። አለቃን ዘሎ መላክ ከሥራ መባረር ነው። ያባርሯት!

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ፤ አምኃ ነው።

«ባዶ ወረቀት ነው የሰጠሽኝ!»

«ዳቦ ጋግርበት።»

«አሎራ፣ ሮሐ፣ ስሚኝ...»

«ቆልፈህባት ነው የምታስጸልይላት? አንተ አረመኔ!»

ሲም ካርዱን ሰብራ ጣለችው።

በዚያው ቀን ወታደሮቹ በውኃ መውረጃው ገቡ። ፍናንና ስድስት ልጆች ወጡ። አምኃ ግን አመለጠ። የሮሐን ፊት ያውቃል፤ የምትቀርበውን ሁሉ ያሳድዳል። ፍናን የክርስትና እናቴን አምጡልኝ እያለች ታለቅሳለች ተባለ።

ሮሐ አልሄደችም።

አሁን በሌላ ስም፣ በሌላ ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። እሑድ ለዲያቆኑ የጸሎት ስም ሰጠች።

«አጸደ ማርያም።»

«የአንቺስ፣ እኅቴ?»

«የእኔ ይቅር» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች።