ያልተከፈተው እቶን

ታላቁ የሆድ ወረርሽኝ ከተማዪቱን አራቁቶ በሄደ በተከታዩ ዓመት፣ በበጋው እኩሌታ፣ ከሰሜኑ በር ውጭ ባለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር አንድ እቶን እየበረደ ነበር። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሩ በጭቃ ተመርጓል፤ ግድግዳው ግን እጅ ሲያሳርፉበት አሁንም ያቃጥላል። በውስጡ የተደረደሩት እንስራ ወይም ድስት አልነበሩም፤ ከኮረብታው ምንጭ ንጹሕ ውሃ ወደ አደባባይ የሚያወርዱ የሸክላ ቧንቧዎች ነበሩ፤ ክቡር እንደራሴው ሕዝቡን የፈጀው የጉድጓዱ ውሃ ነው ቢባሉ ያዘዟቸው።

የእቶኑ ጠባቂ ገና ወጣት ሴት ነበረች። ባሏ ለሥራው ዋስ ሆኖ ነበርና፣ የመጀመሪያው ሥራ ሁሉ ተሰነጣጥቆ በወጣ ጊዜ ወታደሮች መጥተው ወደ ግዞት ቤት ወሰዱት። የሥራ አዛዡም "ሁለተኛው ከተበላሸ ባልሽን እርሺው" ብለዋት ሄዱ። ያንን የመጀመሪያውን ሥራ ያበላሸው ጭቃው አልነበረም፤ እሳቱም አልነበረም፤ የእርሷ አለመታገሥ ነበር። ውስጡ ምን ሆኖ ይሆን የሚለው ሐሳብ እረፍት ነሥቷት፣ እቶኑ ሳይበርድ በሩን ጥቂት ሸንቁራ አየች፤ ቀዝቃዛ አየር ገባና ቧንቧዎቹ እየተከታተሉ ሲሰነጠቁ በጆሮዋ ሰማች።

ዛሬም ያው ሐሳብ አላስቀምጥ ብሏታል። ግቢውን ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች፤ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ታዳምጣለች።

"አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ እንጂ!" አሏት አማቷ ከጥላው ሥር። "ጠርገሽ ጠርገሽ መሬቱን ልትጨርሺው ነው እኮ።"

"እንዴት ልቀመጥ እማማ? አሁን እንኳ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።"

"የኔ ሆድ ነው የጮኸው። ከጠዋት ጀምሮ ማን እህል አቀመሰኝ?"

እኩለ ቀን ላይ የሥራ አዛዡ መጡና ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ጠየቋት፤ "ክቡርነታቸው ልከውኛል። ቧንቧው ደኅና ነው?"

ደኅና ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። "አላውቅም ጌታዬ።"

"አላውቅም? ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"አታውቅም ይበሉልኝ። ግድግዳው ሲቀዘቅዝ አብረን እናየዋለን።"

"ሌላው ሠራተኛ ሁሉ 'እንዴታ፣ ደኅና ነው' ይለኛል። አንቺ ምን ነካሽ?" አሉና ልጓሙን ስበው ሄዱ።

መጥረጊያዋን መልሳ አነሣች። ነገር ግን ያንን ቃል ጮክ ብላ ከተናገረች ወዲህ፣ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ጥቂት ቀለል እንዳለላት ታወቃት። ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ ግን አማቷ እቶኑ በር ሥር ቁጢጥ ብለው ጭቃውን ሲፍቁ አገኘቻቸው።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

አሮጊቷ ቢላዋውን ከቀሚሳቸው ሥር ሸሸጉ። "ምንም። ጭቃው አብጦ ነበር፤ ላስተካክለው ብዬ ነው።"

"በቢላዋ?"

"ልጄ ነው!" አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። "አንቺ ሌላ ባል አታጪም። እኔ ሌላ ልጅ ከየት አባቴ አመጣለሁ?"

ልትቆጣ ትችል ነበር፤ አልተቆጣችም። ቢላዋውን ተቀበለቻቸው፤ የተፋቀውን ቦታ በእርጥብ ጭቃ መረገች፤ ከዚያም ጀርባዋን ለሞቃቱ ግድግዳ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ይቀመጡ እማማ። ካላወቅን አይቀር አብረን አንወቅ።"

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ "ዕድሜ ልኬን ሸክላ ስተኩስ ኖሬ፣ እሳቱ አንዱን አጠንክሮ ሌላውን ለምን እንደሚያፈርሰው እስካሁን አልገባኝም" አሉ። "ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ እጅ ተሠርተው! ገብቶኝ ቢሆንማ ድሮ ሰልችቶኝ ትቼው ነበር።"

"ታዲያ ዛሬስ?"

"ዛሬማ ውስጥ የተቀመጠው ልጄ ነው።"

 ከዚያ ስለ ቧንቧዎቹ መልክ ክርክር ገጠሙ፤ ወጣቲቱ ቀይ ይሆናል ስትል፣ አሮጊቷ የለም የማር መልክ ነው የሚይዘው አሉ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ሳቁ። ወጣቲቱ ከተቀመጠች ወዲህ አንዴም እንዳልተነሣች ያኔ ልብ አለች። ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ብቻ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ነገር እርሷን ሳይጠብቅ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ እንደ ዛቻ ሲሰማት ኖሮ አሁን እንደ እረፍት ተሰማት። ጀርባዋ እንደ ሞቀ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት።

እቶኑ ሲቀዘቅዝ አዛዡ ባሉበት ተከፈተ። ጥቂቱ ተሰንጥቋል፤ የሚበዛው ግን ሲነኩት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ለሥራውም በቂ ሆነ። ባሏም ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እናቱ እስኪያለቅሱ ሳሙት።

ውሃው አደባባይ በደረሰ ቀን የእንደራሴው ስምና ዓመተ ምሕረቱ በድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ የዘመኑ ጸሐፊም ትእዛዛቸውን፣ ብልሃታቸውን፣ የከፈሉትንም ወጪ በዝርዝር ጻፈ። ስለዚያ የእቶን ግድግዳ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተወም። በእርግጥ ቢጠየቅም የሚጽፈው አያገኝም ነበር፤ ሁለት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ምንም አላደረጉም።