ኡሙሀኒ ያልጻፈችው መልእክት

ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ የወጣቶች ማእከል አዳራሽ። ለውጥ መጥቷል፣ እንገማገም ተብሎ ተሰብስበን ነው። አቶ ማዕረግ ያኔ የፖሊስ ጣቢያችን መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። እኔ የጻፍኩትን የምርመራ ሪፖርት ከፋይል መዘዘና ሁለት መቶ ሰው ፊት እየሣቀ አነበበው። ከተማዋን «ሀይቅ»፣ የገዛ ስሜን «ሀሰን» ብዬ ጽፌ ኖሯል።

«ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ያልለየ ሰው፣ ወንጀለኛን ከንጹሕ ሊለይ ነው?» አለ።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሊሰጠኝ የነበረው የሳጅንነት ማዕረግ በማዕረግ አፍ ቀረ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን በየሳምንቱ በእግሬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ እየሄድኩ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ፊደል ተማርኩ። ሙስሊም ነህ ብለው አልመለሱኝም። «ሰውና ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ሥራና ንጉሥ በንጉሡ ሠ» እያልኩ መንገድ ላይ ስደግም ያየ፣ አበደ ብሎኛል። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ፊደሌ ሥራ አገኘ። በጥድፊያ ለቀበርናቸው ሰዎች ስማቸውን ካርቶን ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ እነዚያ ካርቶኖች ትዝ ይሉኛል።

ግንቦት 15 ቀን 2014፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር አብዱልሃሚድ አስጠሩኝ። የጣቢያው መስኮት ረግፏል፣ መርማሪዎቹ ተበትነዋል። አለዚያማ እኔን ማን ያስታውሰኛል?

ሟቿ ከሐይቁ ዳር በነጠላ ተሸፍና ተኝታለች። ኡሙሀኒ ትባላለች፤ ከወደ ራያ ተፈናቅላ የመጣች፣ በማሾ መጋዘን እህል የምትለቅም የሃያ ሦስት ዓመት ሴት። ያወጧት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ በታንኳ፣ ከውሃው በኩል መጥተው። ፕላስቲክ ጫማዋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሰላት ልትሰግድ ያወለቀችው ይመስላል።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ጫማዋን ድንጋዩ ላይ አውልቃ ከሆነ ከድንጋዩ እስከ ውሃው ያለውን ጭቃ በባዶ እግሯ ነው የተሻገረችው። የባዶ እግር ዱካ ይታይዎታል?»

ጎንበስ ብለው አዩ። ጭቃው ላይ ያለው የቆዳ ጫማ ዱካ ብቻ ነው። ወደ ውሃው ሲሄድ ጠልቋል፣ ሲመለስ ቀሏል።

«ተሸክሞ ገብቶ ባዶውን የወጣ ሰው ነው» አልኳቸው። ማጅራቷም ተሰንጥቋል።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄድን። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «በዚህ መጋዘን ተገዶ የሚሠራ ሠው የለም።» ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽታው ከበሩ ተቀበለን።

«ማስታወቂያውን ማን ጻፈው?» አልኩት።

«እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ለውጭው ገዢ ፎቶውን ልከንለታል። ጽሑፌ እንዴት ነው?»

«ያምራል።»

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ማን ተቀምጧል? ማዕረግ። ጣቢያውን ለቆ እዚህ ተቀጥሯል። ሲያየኝ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። የሁለቱንም እግር አየሁ፤ ሁለቱም የቆዳ ጫማ አድርገዋል።

ሰላማዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ከደሴ መጥታለች። ኮምፒውተሯን ከፍታ አስረዳችን።

«ሶፍትዌር ልመርጥ ነው የመጣሁት። ገዢው ማሾውን የሚገዛው ማንም ተገዶ እንደማይሠራ ሪፖርት ሲደርሰው ነው። ሁለት ለሙከራ ገብተዋል። አንደኛውን የሚሞላው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው።»

«ራሱ ለራሱ ሊመሰክር!» አልኩ።

«አቶ ሽታው የወደዱት እሱን ነው። ሁለተኛው በሠራተኞቹ ስልክ ነው የሚሠራው። አቤቱታ ከተላከ እዚህ ያለ ሰው አያጠፋውም። ማንሣት የምትችለው የላከችው ብቻ ናት፤ ከዚያው ስልክ፣ የመታወቂያዋን የመጨረሻ አራት ቁጥር አስገብታ።»

«ካነሣችው በቃ?»

«አይበቃም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በዚያው ሰዓት፣ እውነት አንሥተሻል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ካልመለሰች አቤቱታው በቀጥታ ገዢው ዘንድ ይሄዳል። ይህንን ለአቶ ሽታውም ለአቶ ማዕረግም አስረድቻለሁ።»

ሁለቱን መልእክቶች አሳየችን። የመጀመሪያው ሐሙስ የገባ ነው፦ «መታወቂያችንን ወሰዱብን። ስራ ልንለቅ ብንል ያለሱ ኬላ አያሳልፈንም። ኡሙሀኒ።» ሁለተኛው እሁድ አሥር ሰዓት፦ «አቤቱታዬን አንሥቻለሁ። ማንም ሠው አላስገደደኝም። ሠላም ሁኑ።»

ለቃሚዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ መታወቂያቸው በማዕረግ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ተገኘ። ስንቆጥረው ግን አሥራ አንድ ነው፤ የኡሙሀኒ የለም።

«ለምዝገባ ሰብስብ ያለኝ ሽታው ነው» አለ ማዕረግ። «የእሷን ዓርብ ዕለት አጣሁት።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ሌላ ቁልፍ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ውጭ ሳብ አደረጉኝ። «ካዝናው የሱ። መልእክቱ ውስጥ ያለውን ንጉሡን ሠ ደግሞ ዛሬ ማን ይጽፋል? እሱ ደግሞ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። አብሽር ሐሰን፣ አላህ እጅህ ላይ ጣለልህ። ጻፈውና እንሰረው።»

አልዋሽም፣ ልቤ ሞቀ። ማዕረግ በካቴና በወጣቶች ማእከል በር ሲያልፍ ታየኝ። እስክሪብቶ አወጣሁ። «ተጠርጣሪ፦ ማዕረግ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የኡሙሀኒን መልእክት ልገለብጥ ስል «ሠው» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። የመነኩሴው ድምፅ መጣብኝ። ጫማዋም ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ መጣብኝ።

«እስከ ረቡዕ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ማክሰኞ ዕለት ዙሌይካን አገኘኋት፤ ከኡሙሀኒ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር ለቃሚ ናት።

«አያ ሐሰን፣ ሴቶቹ ፈርተዋል። ስልኳ ይጮኻል ይላሉ። የሞተ ሰው ስልክ!»

«ከወዴት ነው የሚሰማው?»

«ከአቶ ሽታው ቢሮ ግድግዳ ወዲያ። ወላሂ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ጂን ነው ብለን ቁርኣን ቀራን።»

«ማን ይደውልላት ነበር?»

ዙሌይካ በሻርፗ አፏን ያዘች። «እናቷ ናት እንጂ ማን ይደውላል? ገና አልነገርናትም።»



«እሁድስ ማን ደወለላት?»

«ከቢሮ ደውለው መታወቂያሽን ውሰጂ አሏት። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ደስ ብሏት እየሮጠች ሄደች፣ ያረቢ!»

ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ሁሉንም ሽታው ቢሮ ሰበሰብኳቸው። ለቃሚዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። ለሽታው፣ ለማዕረግና ለሰላማዊት ወረቀት አደልኩ።

«የምለውን ጻፉ። ሰላም ያለው ሰው ሥራውን ይሠራል።»

«የስድስተኛ ክፍል መምህር ሆንክ እንዴ?» ብሎ ሽታው ሣቀ። ግን ጻፈ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ።

«ሰላማዊት ሁሉንም በእሳቱ ጽፋለች፣ ሥራንም ጭምር። የዘመኑ ልጅ ናት። ኡሙሀኒም ሐሙስ ዕለት ‹ስራ› ያለችው እንዲሁ ነው። የእሁዱን እሷ አልጻፈችውም ማለት ነው። የጻፈው ንጉሡን ሠ የሚወድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ማዕረግ ዞሩ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ትንሽ ቆየሁ። ያቺን ትንሽ ጊዜ ለማንም አልሰጥም፣ የኔ ናት።

«ማዕረግ ግን ሰላምን በእሳቱ፣ ሰውን በእሳቱ፣ ሥራን በንጉሡ ጽፏል። ልክ ነው። ‹ሠው› ብሎ ለመጻፍ ቢገደልም እጁ እምቢ ይለዋል። ንጉሡ ሠ የተማረ ያስመስላል ብሎ በሁሉም ላይ የሚጭነው ሰው ሌላ ነው። አቶ ሽታው፣ ወረቀትዎ ‹ሠላም ያለው ሠው› ይላል። በርዎ ላይም ‹ሠው› ይላል። በእጄ ጻፍኩት ብለውኛል።»

«በአንዲት ፊደል ሰው ይሰቀላል?»

«አይሰቀልም። ለዚህ ነው አሥር ሰዓትን የምንጠብቀው። አቤቱታውን ያነሣ ሰው ስልኩም መታወቂያውም ያስፈልገዋል። የዛሬው ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ሊጥላቸው አይችልም፤ ስልኩንም ሊያጠፋው አይችልም። ዙሌይካ ደግሞ የሚያጉረመርም ነገር ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ሰምታለች።»

ሽታው ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ያዙት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ይሄዳል።

ከዚያ መሳቢያው ጉርምርም አለ።

አንዷ ሴት «ቢስሚላህ!» ብላ ጮኸች። ኢንስፔክተሩ ከሽታው ኪስ ቁልፍ አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱት። ስልኩ መታወቂያው ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። መስተዋቱ ላይ ያለውን ሰላማዊት አነበበችው፦ «ኡሙሀኒ፣ አቤቱታሽን በፈቃድሽ አንሥተሻል?»

የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍም ከዚያው መሳቢያ ወጣ።

«ገዢው ቢሄድ መቶ ሰው ሥራ ያጣ ነበር» አለ ሽታው ቀስ ብሎ። «ለምኜያት ነበር። መታወቂያዬን ስጠኝና አነሣዋለሁ፣ የአሥራ አንዱንም ስጣቸው አለች። ገፋኋት። ድንጋይ አገኛት። ልግደላት አላልኩም።»

ሰላማዊት ጥያቄውን ሳትመልስ ስልኩን ለኢንስፔክተሩ ሰጠች። «ካልተመለሰ ገዢው ዘንድ ይሄዳል» አለች። «ይሂድ። የምመርጠውም እሱን ሶፍትዌር ነው።»

ሽታውን ወሰዱት። ሴቶቹ ከካዝናው መታወቂያቸውን አንድ በአንድ ተቀበሉ። የሚያድላቸው ማዕረግ ነው፤ ስማቸውን እየጠራ፣ አንዷንም ቀና ብሎ ሳያይ። እሱ አንድም ፊደል አልሳተም። አሥራ ሁለት ሰው ግን ቆልፎ ነበር።

በሩ ላይ ደረሰብኝ።

«ሐሰን! ሳጅን ልበልህ…» እጁን ዘረጋልኝ። «ዛሬ ባትለየኝ አልቆልኝ ነበር። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያልኩህን፣ ረስተኸዋል፣ አይደል?»

በማግስቱ ግንቦት 18 ነበር፤ ያ ቅዳሜ አራት ዓመት የሚሞላው። ሰዓቱን አውቃለሁ። የተቀመጠበትን ወንበር አውቃለሁ። በስተግራው ሆኖ ጮክ ብሎ የሣቀውን ሰው አውቃለሁ።

ዙሌይካ ከግቢው ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። ለኡሙሀኒ እናት የምንደውለው እኔና እሷ ነን። ማዕረግ እጁን እንደዘረጋ ነው። በአጠገቡ አለፍኩና ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።