ስሙ ያልተጠራው ፋይል

አቶ ወልደሰማያት የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ሊሙ ገነት ዳር ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ልጃቸው ሊያ አመሻሹ ላይ ጠባቧን ቢሮ ስትከፍት ግንባራቸው ላፕቶፑ ላይ ተደፍቷል። ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ጀርባ ያጓራል።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሳቢሃ ከጅማ ስትደርስ ዝናቡ አላባራም። አስከሬኑን አይታ በቀጥታ ወደ ጄኔሬተሩ ሄደች። ወደ ሜዳው መዞር የነበረበት የጭስ ማውጫ ቱቦ ወደ ቢሮው አየር ማስገቢያ ተጠምዝዟል።

«ስታስነሳው ቱቦው ወዴት ነበር?» አለችው የጄኔሬተሩን ሠራተኛ ቦናን።

«ወደ ሜዳው፣ አዴ። ዋቃ ምስክሬ ነው! አስነስቼው ወደ ማጠቢያው ወረድኩ። ትናንት ጠዋት ኦቦ ወልደሰማያት ተቆጥተውኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔን ነው የሚይዙኝ፣ አይደል?»

ሳቢሃ ወደ ቢሮው ተመለሰች።

ላፕቶፑን ስትከፍተው አልነሳም፤ የሲስተም ፋይል እንደጠፋ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቀረ።

«አባዬ የማያውቀውን ነገር አይነካም» አለች ሊያ፣ ዓይኖቿ አብጠው። «አንድ ነገር ከማጥፋቱ በፊት አሥሬ ነው የሚጠይቀው።»

የጣቢያውን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ፍሬዘር አቶ ወልደሰማያት በሞቱበት ዕለት ለፕሪንተር ሥራ መጥቶ እዚያው አድሯል።

«ላፕቶፑ አልነሳ ብሏል። ምን ሊሆን ይችላል?» ስትል ሳቢሃ ጠየቀችው።

«ጋሼ ሳያውቁ አበላሽተውት ይሆናል። ያቺን ሁለት ፊደሎቿ የተቀያየሩባትን ፋይል አጠፋለሁ ሲሉ ዋናዋን አጠፉ። ያጋጥማል።»

«አንተ ከነካኸው ቆየህ?»

«ከክረምት በፊት ነው።»

«ሰሞኑን ስለ ላፕቶፑ አውርታችኋል?»

«ኧረ! ከሰላምታ በቀር ምንም።»

በሟቹ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ለምታስተምረው ለናርዲ የተደረገ ነበር። ሳቢሃ ላፕቶፑን ይዛላት ሄደች።

«አንድ የማያውቁት ፋይል አስጨንቋቸው ነበር» አለች ናርዲ። «ከማጥፋትዎ በፊት የት እንደተቀመጠና ማን እንደሠራው ይዩ አልኳቸው። የሲስተም ፋይል መስሎ ከሲስተሙ ፎልደር ውጭ ከተገኘ፣ ሠሪውም ካልታወቀ፣ አስመሳይ ነው። ያም ቢሆን አይቸኩሉ፤ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፣ ኮፒውን ለብቻው ያስቀምጡ፣ ነገ ይዘውት ይምጡ አልኳቸው።»

ዲስኩን አውጥታ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። አስመሳዩም ዋናውም ፋይል ጠፍተዋል። በሌላ ስም የተቀመጠው ኮፒ ግን አለ።

«ምን ይሠራል?»

ናርዲ ኮፒውን መረመረች። «ካሜራውን ይከፍታል። ያየውን ወደ አንድ ስልክ ይልካል። ላፕቶፑን ከእሳቸው ሌላ ማን ይጠቀምበታል?»

«ልጃቸው» አለች ሳቢሃ። «ማታ ማታ መኝታ ክፍሏ ወስዳ እንደምታጠናበት ነግራኛለች።»

በቀጣዩ ቀን ሊያ፣ ቦና፣ ፍሬዘርና ፖሊሶች በሟቹ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ናርዲ ኮፒውን የጫነችበትን ሌላ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ቱቦውን ያዞረው ሰው ቦና ከሄደ በኋላ ነው የመጣው» ብላ ጀመረች ሳቢሃ። «ዝናብ ስለነበር በርና መስኮቱ ዝግ ነበር። አቶ ወልደሰማያት ራሳቸውን ሲስቱ ገብቶ አስመሳዩን ፋይል አጠፋ። ስህተቱ የእሳቸው እንዲመስል ዋናውንም አጠፋ። ፍሬዘር፣ እኔ የነገርኩህ ላፕቶፑ አልነሳ ማለቱን ብቻ ነው። ፊደሎቿ የተቀያየሩባት ፋይል መኖሯን ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ…»

«እሳቸው ስለ ፊደሎቹ ያወሩት ለናርዲ ብቻ ነው። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አድርገው።»

ናርዲ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘችው። ጥቂት ቆይቶ የፍሬዘር ስልክ ነዘረ። ስክሪኑ ላይ አንድ ምስል ታየ፤ ራሳቸው ነበሩ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በዚያች ቅጽበት።

«እንዲሞቱ አልፈለግኩም!» አለ ፍሬዘር። «ነገ ጅማ አመጣዋለሁ ብለው ለናርዲ ሲነግሯት ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ራሳቸውን እስኪስቱ ብቻ ነበር…»

«ፋይሏን ስታጠፋ አጠገባቸው ቆመህ ነበር» አለች ሳቢሃ ድምጿን ሳትጨምር። «በሩን ክፍት ትተኸው ብትወጣ ይተርፉ ነበር ይሆናል። አንተ ግን መልሰህ ዘጋኸው።»

ፍሬዘር አቀረቀረ። ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት ሊያ ቀረብ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታየኝ?»

ቦና ጃኬቱን አውልቆ ላፕቶፑን ሸፈነው። ሊያ ግን ከጃኬቱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ወደ ዝናቡ ወጣች።