ነጅማ ዝም ያለች ቀን

ነጅማ ያሲርን መጀመሪያ ያየችው እንጦጦ ዳገት ላይ ተንበርክኮ ድንጋይ በመዶሻ ሲፈልጥ ነው። ጤነኛ አልመሰላትም።

«ወንድም፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ይሄ ድንጋይ ግን ድሮ እሳት ነበር፤ ንኪው!»

ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ስቃበት ወደ ሰፈሯ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረደች። ልቧ ግን አብሯት አልወረደም።

ያሲር የሥነ ምድር ባለሙያ ነበር። አባቷ ሐጂ ጠሀ ሳይሰሙ ሁለቱ እዚያው ዳገት ላይ ሲገናኙ ከረሙ። ከዚያ ያሲር ወደ አንድ ሩቅ ሞቃት ደሴት ሄዶ እሳተ ገሞራ ሊያጠና ተመረጠ።

«ካልዴራ ይባላል» አላት። «ተራራው የውስጡን እሳት ሲተፋ ሆዱ ባዶ ይቀርና አናቱ ወደ ውስጥ ይናዳል። አሁን ሐይቅና ጫካ ነው፤ ብታዪው ገነት ይመስልሻል።»

«ታዲያ የሚያስፈራው መቼ ነው?»

«ከውስጡ የሚወጣው ጭስ ድንገት ሲጠፋ ነዋ! መውጫው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ከታመቀ ይፈነዳል።»

«እንግዲያው አትሂድ...»

«ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ። ጠብቂኝ!»

በየቀኑ ይደውል ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ረሳኝ አለች፤ አለቀሰች፤ ተናዳ ስልኳን ዘጋች። በዚያው ሰሞን አብዱልሰላም የሚባል የመሪ ሰፈር ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ላከ።

«ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ ሐጂ ጠሀ።

ነጅማ መሬት መሬት አየች። አንድ ቃል ብትናገር እንባዋ ሊዘረገፍ ነው። በደንቡ ደግሞ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች፣ አፍራ ነው እንጂ ተስማምታለች ይባላል።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አባት።

ጋብቻው በሚታሰርበት በኒካው ቀን ጠዋት፣ ከያሲር ጋር ደሴቱ የሄደው የሥራ ባልደረባው ፊሊጶስ ደጅ አስጠራት። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ስልክሽ እምቢ አለኝ» አላት። «ትናንት ነው ከሆስፒታል ወጥቼ የገባሁት።»

«ያሲርስ?»

«ጭሱ ሲጠፋ ካምፑን ልቀቁ ተባልን። ኔትወርክ ያለው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ነጅማ እንዳትጨነቅ ልደውልላት ብሎ ወጣ...»

«እዚያው እያለ ተራራው ፈነዳበት» አለ ፊሊጶስ።

ከሰዓት ሐጂ ጠሀ ምስክሮች ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ለኒካው ወክለሽኛል?»

ዛሬም ዝም ብትል በቃ፣ ተዳረች ማለት ነው።

«አልፈልግም፣ አባ!»

ምስክሮቹ ተያዩ።

«ያን ቀን ዝም ብለሽ አልነበር?»

«እንባዬን ይዤ ነው! የምወደው ሰው ሞቷል፣ አባ...»

ሐጂ ጠሀ ወጥተው እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱ። አዋረድሽኝ ሊሏት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ተመልሰው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ያሲር» አለች። በዚያ ቤት ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።